ድምፁ የጠፋው ማንቂያ
የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መረብ እየሰፋ ሲሄድ ተረኛው መሐንዲስ ጣቢያዎቹን በዓይኑ ሊቆጣጠር አይችልም። ስለሆነም በየጣቢያው የተተከሉት መሣሪያዎች የመስመሮቹን ጭነት፣ ቮልቴጁንና የማቋረጫዎቹን ሁኔታ ለማዕከሉ ኮምፒዩተር ያስተላልፋሉ። ከተወሰነው መጠን ያለፈ ነገር ሲያጋጥም ኮምፒዩተሩ የማንቂያ መልእክት አዘጋጅቶ በተረኛው ፊት በጽሑፍ ያሳያል፤ በድምፅም ያስጠነቅቃል። ከዚህ የተነሣ ተረኛው መልእክት ካልመጣለት መረቡ ደኅና ነው ብሎ ማመንን ይለምዳል። የዚህ ልማድ አደገኛነት ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003፣ ማለትም ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው።

በዚያ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ የፈርስትኢነርጂ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ማዕከል የማንቂያ ፕሮግራም ሥራውን አቆመ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደተደረሰበት፣ ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች በአንድ የመረጃ ማኅደር ላይ በአንድ ቅጽበት ለመጻፍ ሲሻሙ ማኅደሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ፕሮግራሙም መውጫ በሌለው ዑደት ውስጥ ተይዞ ቀረ። የሚደንቀው ግን መሰናከሉን የሚገልጽ አንዳችም ምልክት ለተረኞቹ አለመታየቱ ነው። ስለ ሌላው ሁሉ እንዲያስጠነቅቅ የተሠራው መሣሪያ ስለ ራሱ የሚያስጠነቅቅበት አፍ አልነበረውም።

በ8 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ዋናው ኮምፒዩተር ቆመ። ተጠባባቂው ወዲያውኑ ቢተካውም የታሰረውን ፕሮግራም እንዳለ ስለተረከበ ከ13 ደቂቃ በኋላ እርሱም ቆመ። ለኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ የጥሪ መልእክት ደርሷቸው ስለነበር በ9 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሡት፤ ሆኖም ማንቂያው መሥራት አለመሥራቱን ተረኞቹን አልጠየቁም። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን በሁለት ክፍሎች መካከል የተፈጠረ ክፍተት ነው፤ ከፕሮግራሙ ስሕተት ይልቅ ይህኛው የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል።

ከውጭ ግን ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር። በ8 ሰዓት ከ32 ደቂቃ አሜሪካን ኤሌክትሪክ ፓወር የተባለው ጎረቤት ኩባንያ ስልክ ደውሎ፣ ሁለቱን ኩባንያዎች የሚያገናኘው የስታር–ሳውዝ ካንተን መስመር ለአፍታ ተቋርጦ መመለሱን ጠየቀ። ተረኞቹ በማዕከላቸው ምንም ምልክት ስላልታየ ያልተፈጠረ ነገር መሰላቸው። ከሰው ይልቅ ዝም ያለውን ማሽን አመኑ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በ9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የቻምበርሊን–ሃርዲንግ 345 ኪሎ ቮልት መስመር ዛፍ ነክቶ ተቋረጠ፤ በዚያን ጊዜ የተሸከመው ከተፈቀደለት ጭነት 44 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በበጋው ወቅት በመስመሩ ሥር ያደገውን ዛፍ በጊዜው ቆርጦ ማጽዳት የቱን ያህል እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በ9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ የሃና–ጁኒፐር፣ በ9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ደግሞ ያው የስታር–ሳውዝ ካንተን መስመር በተመሳሳይ ምክንያት ተቋረጡ። ከተረኞቹ አንዱ ማንቂያው መሞቱን ለኮምፒዩተር ክፍሉ የነገረው በ9 ሰዓት ከ42 ደቂቃ፣ ማለትም ከ88 ደቂቃ በኋላ ነው።

በ10 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የሳሚስ–ስታር መስመር ሲቋረጥ ነገሩ ከማንም ቁጥጥር ውጪ ሆነ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ265 የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች 508 ጄነሬተሮች ቆሙ። በስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳ ኦንታሪዮ ወደ 50 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ መብራት አጣ፤ የተቋረጠውም ጭነት 61,800 ሜጋዋት ነበር።

የሁለቱ መንግሥታት መርማሪ ቡድን በኤፕሪል 2004 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ ጥፋቱን ለፕሮግራሙ ብቻ አልተወውም። የዛፍ ቆረጣው ቸልታ፣ ኩባንያው የራሱን መረብ ጠባይ በሚገባ አለማጥናቱና የአካባቢው አስተባባሪ ድርጅቶች ድጋፍ መጓደል አብረው ተጠቅሰዋል። እስከዚያ ድረስ በፈቃደኝነት ይከበሩ የነበሩት የአስተማማኝነት ደንቦች በ2005 በወጣው የአሜሪካ የኃይል ሕግ መሠረት አስገዳጅ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ከጁን 2007 ጀምሮም ደንቡን የጣሰ ኩባንያ በገንዘብ መቀጣት ጀመረ።