የማግኔት ወገብና የጎጃም ገጠር

የማግኔት መርፌ ወደ ሰሜን እንደሚያመለክት ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ምድር ማዘንበሉን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። በአውሮፓ መርፌው አጥብቆ ያዘነብላል፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ግን ጋደም ብሎ ይቀራል ለማለት ይቻላል። ምክንያቱም የምድር ማግኔት ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። ይህ ነገር ለአገራችን ሳይንስ ምን እንዳስገኘ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን።

ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ. ም. የቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተዘጋጀ ጊዜ፤ በማግኔት ወገብ አጠገብ የሚቆሙ ጣቢያዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፤ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቋሙ። መመልከቻውም በ1950 ዓ. ም. የማግኔትን መለዋወጥ መመዝገብ ጀመረ።

የሚመዘገበው ነገር ምንድን ነው? ከመሬት ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፤ ፀሐይ አየሩን ወደ ኤሌክትሮንና ወደ አዮን ትከፍለዋለች። እንዲህ የተከፈለው አየር ፕላስማ ይባላል። በማግኔት ወገብ ላይ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በዚህ ፕላስማ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል፤ ስፋቱም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምዕራብ ጎጃም ገጠርም ከዚህ ጅረት ሥር ይገኛል።

ይህ ጅረት ከላይ የሚመጣውን ሞገድ ያጎላል። ስዊድናዊው ሐኔስ አልፍቬን በ1935 ዓ. ም. እንዳስረዳው፤ በማግኔት ውስጥ ያለ ፕላስማ እንደ በገና ጅማት ይርገበገባል፤ የማግኔቱ መስመር እንደ ውጥረቱ፤ ፕላስማው እንደ ክብደቱ ነው። ከፀሐይ የሚነሣው የፕላስማ ነፋስ የምድርን የማግኔት ክልል በድንገት ሲጫነው ሞገድ ይነሣል። የሞገዱም የኤሌክትሪክ ኃይል ፕላስማውን ወደ ኃይሉ አቅጣጫ ሳይሆን፤ ለኃይሉም ለማግኔቱም መስቀለኛ ወደ ሆነው አቅጣጫ ይገፋዋል። ይህ ኃይል እስከ ወገቡ ሲደርስ ጅረቱ ያበረታዋል። ከዚህ የተነሣ፤ በቀን የአዲስ አበባ መርፌ ከወገቡ ጥቂት ራቅ ካሉት ጣቢያዎች መርፌ ይልቅ ይዘላል።

ይህ ፕላስማ በተለይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሲታወክ የሬዲዮና የሳተላይት ምልክት ይናወጣል፤ ስለዚህ ምርመራው ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ነገር ግን የከተማ ብረትና ኤሌክትሪክ ምዝገባውን ያውካል፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ቀንም ተመልሶ አይገኝም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጎጃሙ የቅኔ ቤት በዋሸራ ስም የተጠራ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ መቋቋሙ መልካም ጅምር ነው። እኛም እንደምናምነው፤ ጸጥ ያለው የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ሀብት ነውና ከተሞቹ ሳይሰፉ ሊታሰብበት ይገባል።