ስም ያልነበረው በደል

እህቶቼ፣ በአማርኛ «ለከፋ» የሚል ቃል አለን፤ እሱ ግን የመንገድ ነው። ቤት ውስጥ አሠሪ ለሚያደርገው «እጁ አያርፍም»፣ «ዓይኑን ጥሎብኛል» እንላለን እንጂ ስም የለንም። «ጾታዊ ትንኮሳ» የሬዲዮ ቃል ነው፣ ቡና ላይ ማንም አይለውም። አሜሪካኖችም እስከ 1975 ድረስ ስም አልነበራቸውም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካርሚታ ዉድ የምትባል የልጆች እናት ስምንት ዓመት ሠርታለች። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር እየተጠጋና እየነካካ አላስቀምጣት አለ። ሰውነቷ ሁሉ ታመመ። ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ብትልም አልሆነላትም፤ በ1974 ሥራውን ጥላ ወጣች። እዚያ አገር ሥራ ያጣ ሰው ለጊዜው መደጎሚያ ገንዘብ ያገኛል። ልትጠይቅ ሄደች፤ ለምን ለቀቅሽ ስትባል ግን የምትናገረው ቃል አጣች። ቅጹ መሞላት ስላለበት «የግል ምክንያት» አለች። በዚሁ ከለከሏት።

ይቺን ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። እኛስ ከቤት ወጥተን ቢሮ ስንቀርብ «ሥራው በዝቶብኝ ነው» አይደል የምንለው?

ካርሚታ እርዳታ ፍለጋ ስትሄድ ያገኘቻቸው ሴቶች ሲያወሩ የሁሉም ታሪክ አንድ ሆኖ ተገኘ። ቁጭ ብለው ስም አወጡለት፤ ዛሬ «ጾታዊ ትንኮሳ» እያልን የምንተረጉመው ያኔ የወጣው ስም ነው። በግንቦት 1975 እዚያው ኢታካ ሴቶችን ሰብስበው በአደባባይ ተናገሩ።

ስም ካገኘ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሚሼል ቪንሰን የምትባል ጥቁር ሴት ባንክ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ አለቃዋ ለዓመታት እንዳስገደዳት ከሰሰች። ባንኩ ደግሞ «አቤቱታ ማቅረቢያ መንገድ አለን፣ እሷ አልተጠቀመችበትም» አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ለእሷ መብት ሲወስን አንድ ነገር አየ፦ በባንኩ ደንብ አቤቱታ መጀመሪያ የሚቀርበው ለአለቃ ነው። አለቃዋ ደግሞ ያው ሰውዬ! ጅብን በጅብ ላይ እንደ መክሰስ ነው። የእኛ ቤት ደንብም ይኸው መሆኑን ልብ በሉ፤ ችግር ካለሽ ለማዳም ንገሪ፣ ማዳም ካልሰማችሽ ለላከሽ ቢሮ።

ስልጠና የሚባለው ነገር የበዛው ከ1998 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ያው ፍርድ ቤት በሁለት መዝገቦች እንዲህ አለ፦ አለቃው ሴትየዋን ከሥራ ያላባረራት ወይም ከደረጃ ያላወረዳት ከሆነ፣ ድርጅቱም ለመከላከል ተገቢውን እንዳደረገ፣ እሷ ግን ያለ በቂ ምክንያት አቤት እንዳላለች ካስረዳ፣ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ድርጅቶች ሠራተኛና አለቃ እየሰበሰቡ ማሰልጠን ሥራዬ ብለው ያዙት። እንደ እኔ፣ ሴቷ አሳዝናቸው ብቻ አይደለም፤ ለራሳቸው ጋሻ ነው። ቢሆንም ጋሻው ለእሷም ተረፈ። ካሊፎርኒያ በ2004 ባወጣችው ሕግ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አለቆቹን በየሁለት ዓመቱ ለሁለት ሰዓት እንዲያሰለጥን አዘዘች፤ በ2018 ደግሞ ቁጥሩን ወደ አምስት አውርዳ ተራ ሠራተኛውንም ጨመረች።

ቪንሰን የረታችበት የአገሪቱ ሕግ ግን የሚሠራው አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትጠርገውን አይደርስላትም። እዚህ ሊባኖስም የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። በታኅሣሥ 2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 205 ጾታዊ ትንኮሳን ወንጀል አድርጎታል፣ የሥራ ግንኙነት ካለበት ቅጣቱ ይከብዳል። ግን ኢቃማዋ በአሠሪዋ እጅ ያለ ሴት ከሳ የት ታድራለች?

በ2019 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 የሥራ ቦታ ማለት የግል ቦታንም፣ አሠሪ የሰጠውን ማደሪያም ይጨምራል ይላል። አሠሪ ስለ አደጋው ለሠራተኛ መረጃና ስልጠና ይስጥ የሚልም አለበት። የሚገደደው ግን ያጸደቀው አገር ነው። እኔ እስካሁን ማዳምና ባሏ ቁጭ ብለው የሰለጠኑበት ቤት አልሰማሁም። ከአገር ስንወጣ እኛን ያሰለጠኑንም ስለ ካውያና ስለ ምድጃ ነው።

ስለዚህ እሁድ እሁድ እርስ በርስ እንሰለጥናለን። ቀኑን ጻፊ፣ የላከልሽን መልእክት አታጥፊ፣ ለምታምኛት አንዲት ሴት ያን ዕለት ንገሪ እንላለን። ባለፈው አንዲት አዲስ ልጅ «ማዳም ስልኬን ብትቀማኝስ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የማኅበራችንን ስልክ ቁጥር በቃል ማጥናት ሆኗል፤ ክበብ ሠርተን እየተቀባበልን እንደ ፊደል ቆጠራ ጮክ ብለን እንለዋለን።