ከዐዋጅ ወደ አጥቢያ፦ የትምባሆ ክልከላ በደብረ ታቦርና በጣራ ገዳም አካባቢ

በጥቅምት ወር 1872 ዓ.ም. ጐርደን ፓሻ የግብፅን ኬዲቭ ወክሎ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ለመደራደር ደብረ ታቦር ገባ። ጐርደን ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ የገባበት አገር ግን ትምባሆ በዐዋጅ የተከለከለበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን፣ የሚያጨሰውን ከንፈሩን ያስቆርጡ እንደ ነበር እርሱ ራሱ በደብዳቤው ጽፏል።

ዐዋጁ ከጤና አሳብ የመነጨ አልነበረም። በትውፊት ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይባል ነበርና ማጨስ እንደ ክሕደት ምልክት ይታይ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር አያይዞ የሚያየው ሰው፣ ክልከላው የሃይማኖት አንድነትን በኃይል ለማምጣት የተያዘው ፖሊቲካ አንድ ክፍል እንደ ነበረ ይረዳል። በዚህ ረገድ ዐዋጁ የሚመሰገን አይደለም።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ የቅጣቱም ፍርሃት አብሮ ወደቀ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ክልከላው ላላ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም መንግሥት በሞኖፖል ትምባሆ ሻጭ ሆነ። እንዲህም ሆኖ ከደብረ ታቦር እስከ ሊቦ ከምከም፣ በጣራ ገዳም ዙሪያ ባሉት አጥቢያዎች ጭምር፣ በደጋው ገበሬ ዘንድ ማጨስ ብርቅ ነገር ሆኖ ቆየ። ይህን ያደረገው ምን ነበር?

የንስሐ አባት ነው። ካህኑ የንስሐ ልጆቹን ቤት በየጊዜው ይጐበኛል፤ ጠበል ይረጫል፤ የቤተ ሰቡን አባላት በስማቸው ያውቃል፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ ይሰማል። ጋያ ወይም ሲጋራ የያዘ ቢያገኝ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ቀኖና ይሰጣል። ካህኑን የሚያግዙት ማኅበሩና ሰንበቴው፣ ከሁሉም ይልቅ ይሉኝታው ናቸው። ስለትም ሆነ ወታደር አላስፈለገም። ባለሙያ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ይህ ሥራ ከአጥቢያው ወጥቶ በአጥቢያው ሰው የሚሠራ መሆኑን ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጐንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን ሲመድብ፣ መንገዱ ያው የካህኑ ቤት ለቤት መንገድ ነበር። በአውስትራሊያም የአገሬው ተወላጆች በ1963 ዓ.ም. ሲድኒ ውስጥ ሬድፈርን በተባለው ሰፈር የራሳቸውን ክሊኒክ አቋቁመዋል፤ በዚያ አገር በኋላ ዘመን የመጣው ፀረ ማጨስ ሥራም እንዲህ ባሉ በማኅበረሰቡ በሚመሩ ተቋማት ላይ የቆመ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጨስን፣ ማስታወቂያውን፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥንም ከለከለ።

ይሉኝታ ግን ሌላም ፊት አለው። ከተማ ሠርቶ ሲጋራ ለምዶ የተመለሰ ወጣት ከአባቱ ይደበቃል፤ ከንስሐ አባቱም ይደበቃል። ሳል ጠንቶበት ጤና ኬላ ሲሄድ፣ ታጨሳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂዋ የጐረቤቱ ልጅ ናትና፣ አላጨስም ይላል።