ጭላሎ ላይ የሚያድር ነጭ ነገር

ደራ በረዶ የሚታሰብባት ከተማ አይደለችም። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ብዙም ሳይርቅ ያገኛታል። ሜዳዋ አቧራ፣ ዛፏ ግራር፣ ነፋሷ ትኩስ ነው። በረዶ ይቅርና ዝናቡ ራሱ በየዓመቱ የሚያሳስባት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ መንገዱ ወደ ደቡብ ሽቅብ እየወጣ ሲሄድ አየሩ ይለወጣል፤ ከአሰላ በላይ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የጭላሎ ተራራ ቆሟል። ኃይለኛ ዝናብ ባደረበት ወይም ብርድ በጸናበት ሌሊት ማግሥት ተራራው ዐናቱ ላይ ነጭ ነገር ጣል አድርጎ ይነጋበታል። ረፋድ ላይ ቀና ብለው ሲያዩት የለም።

ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ስለ እርሱና ስለ መሰሎቹ ግን ነገሥታት በድንጋይ ጽፈዋል፣ መንገደኞች ተካክደዋል፣ ሊቃውንትም ተሟግተዋል።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር ላንሣ። የዛሬው አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውን ውኃም በአንድነት «በረዶ» ብሎ ይጠራል። የደራ ኦሮሞም «ጨቢ» ሲል እንዲሁ ነው። ግእዝ ግን በዚህ ረገድ ባለጠጋ ነው፤ በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ሐመዳ በአማርኛ «አመዳይ» ሆኖ ቀርቶልናል፤ ነገር ግን ዛሬ አመዳይ ብሎ የሚናገር ሰው ከወዴት ይገኛል? ደግሞም ቃል ስላለን ብቻ ነገሩን ዐይተነዋል ማለት አይቻልም። መጽሐፍ ሲተረጐም ያልታየ ነገርም ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ከቃል ይልቅ ድንጋዩን መጠየቅ ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ525 ገደማ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደረሰ። ዘመኑ ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት የሚሰናዱበት ነበር። ንጉሡ በከተማይቱ መግቢያ በሚገኘው የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸው የግሪክ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ሹም አዘዙት፤ ሹሙም ሥራውን ለኮስማስ ሰጠው። ኮስማስ አንዱን ቅጂ አስረክቦ ሌላውን ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ የኮስማስ ቅጂ ግን አለ። የጽሑፉ ባለቤት ስሙ ያልተረፈለት የአክሱም ንጉሥ ሲሆን፣ በዘመቻ ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይቈጥራል። ከእነርሱም መካከል ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። ወንዙን «ዓባይ» ይለዋል፤ የዘመናችን ተመራማሪዎች ግን ተከዜ ነው ይላሉ። ስለ ተራሮቹ ሲናገር ለመውጣት አስቸጋሪ መሆናቸውን፣ ብርዱና ውርጩ የማይለያቸው መሆኑን፣ በረዶውም ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት እንደሆነ ያትታል።

እስከ ጕልበቱ! ይህን ያለው ከርቀት የሰማ ሰው አይመስለኝም። ንጉሥ በድል ጽሑፉ ላይ ሊያጋንን ይችላል፤ የጠላትን ብዛትና የምርኮውን ቍጥር ያበዛ ይሆናል። የበረዶ ጥልቀት በጕልበት የሚለካ ግን በውስጡ የተራመደ ወታደር ነው። ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ በረዶ እንዲህ አድርጎ የተናገረ ሌላ ጽሑፍ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ክርክር ገባ። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሎቦ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሮ ስለ ስሜን በረዶ ጻፈ። መጽሐፉን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በኋላ በመዝገበ ቃላቱ ስመ ጥር የሆነው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ከዚያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። ከ1769 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ ጎንደርን ዐይቶ፣ የዓባይን ምንጭ ረግጦ ተመለሰ፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ እንዳላየ ጻፈ። የሚያስገርመው ራሱ ብሩስ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ያልታመነ መሆኑ ነው። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን ለንደን ሳቀችበት፤ ከተጠራጠሩት አንዱም ያው የሎቦ ተርጓሚ ጆንሰን ነበር። ባለመታመን የተቃጠለ ሰው የሌላውን ቃል ሲመዝን ይራራል ብዬ አስብ ነበር፤ የብሩስ ታሪክ ግን ይህን አያሳይም።

ክርክሩን የፈታው ሄንሪ ሶልት ነው። በ1810 ትግራይ በነበረበት ጊዜ የስሜንን ተራሮች በረዶ ለብሰው እንዳያቸው ጻፈ፤ ብሩስ ለምን እንዳላየም ጭምር አስረዳ። ብሩስ ያለፈው በግርጌው ነበር፤ ወደ ላይ አልወጣም። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው።

በእርግጥ እንዲህ ያለ ዕጣ የኛ ብቻ አይደለም። በ1848 ሚስዮናዊው ሬብማን ኪሊማንጃሮ ላይ በረዶ ማየቱን ሲገልጽ፣ አፍሪካን ረግጦ የማያውቀው የለንደኑ ካርታ ዐዋቂ ኩሊ ከመጻሕፍቱ መካከል ሳይነሣ «ሊሆን አይችልም» ብሎ ተከራከረው። የኪሊማንጃሮ በረዶ ግን ቋሚ ነበርና ማንም ሄዶ ሊያየው ይችል ነበር። የኛው እንግዳ ነው፤ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል። በሰዓቱ የተገኘ ያየዋል፤ ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ምስክሩን ውሸታም ይለዋል።

ይህን በዐይኔ ዐይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በኅዳር ወር፣ የውርጭ ወራት ገና መባቻው ሳለ፣ ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር በአሰላ በኩል ጭላሎን ወጣን። ሐሳባችን የዋህ ነበር፤ ነጭ ሜዳ አግኝተን እንደ ፈረንጆቹ ልንንሸራተትበት። ስኪ ከየት ይመጣል? ሁለት ማዳበሪያ ይዘናል። አንባቢ እንደሚያውቀው ማዳበሪያ ማለት እህል የሚከተትበት ጆንያም ነው፤ ስሙን ከይዘቱ ወርሶ ቀርቷል። ከጅብራው መካከል በአንድ እረኛ ጎጆ አድረን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጓሳው ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ ይንኰሻኰሻል። ውፍረቱ ግን የጣት ጥፍር አይሞላም። አንደኛው ባልንጀራችን ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ፣ ገፋነው፣ ዐሥር ክንድ ያህል ሄደ፣ ድንጋይ አገኘው፣ ሱሪው ተቀደደ። ሁለተኛው ጥቂት የተሻለ ሄደ። ሳቃችን ሳያልቅ ፀሐይ ወጣችና ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። አራተኛው ጓደኛችን «ብርድ ነው» ብሎ ከጎጆው ሳይወጣ ተኝቶ ነበር። ሲነሣ የቀረው ጤዛ ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ አያምነንም። ስሙን «ብሩስ» ብለነዋል።

እግረ መንገዴን ስለዚያ ማዳበሪያ ልናገር። በ1967 የስዊድን መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማምቶ በአሰላ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋመ፤ ብዙ ሰው «ካዱ» በሚለው ምሕጻር ያውቀዋል። ለአርሲ ገበሬ ምርጥ ዘርና ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በስፋት ያዳረሰው ይህ ድርጅት ነው። ሕፃናት በስኪ ተራምደው ከሚያድጉበት አገር የመጡ ባለሙያዎች በዚህ ተራራ ግርጌ ዓመታት ተቀምጠዋል። ማለዳ ተነሥተው ያንን ነጭ ዐናት ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? እኔ ስዊድናዊ ብሆን ናፍቆት ያንገበግበኝ ነበር።

የዛሬው ጭላሎ ለመንሸራተት አይበቃም፤ የጥንቱ ግን ይበቃ ነበር። የአርሲና የባሌ ተራሮች በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ተሸክመው ነበር። በዳ ተራራ ላይ በረዶው እየተንፏቀቀ የቦረቦራቸው ሸለቆዎችና ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይ ክምሮች አሁንም ይታያሉ። በባሌ የሳነቲ አምባ በ2021 የወጣ ጥናት ግግሩ ተስፋፍቶ የነበረው ከዛሬ 42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ እንደሆነ አመልክቷል። ይህም ብቻ አይደለም። በ2019 ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት፣ በባሌ ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ ከባሕር ወለል 3 ሺህ 469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበር ታውቋል። ምግባቸው በዚያ አምባ የሚርመሰመሰው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ እሳት ላይ ጠብሰው ይበሉታል። ለመሣሪያ የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ለማምጣት ከግግሩ አጠገብ እስከ 4 ሺህ 200 ሜትር ድረስ ይወጣሉ። የሚጠጡትም ከግግሩ እየቀለጠ የሚወርደውን ውኃ ነበር።

እንግዲህ ስለዚህ ነገር ሳስብ ደስ የሚለኝ አንድ ጉዳይ አለ። በዓለም ላይ ሰው በከፍተኛ ተራራ መኖሩ ከታወቀባቸው ሥፍራዎች እጅግ ጥንታዊው የሚባለው ይህ የባሌ ዋሻ ነው። «በረዶና ሐበሻ ምን አገናኛቸው?» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል? የተለያዩት በረዶው ስለሄደ ነው።

ይህ «ምን አገናኛቸው» የሚል ሳቅ በዘመናችን የወረደው በአንድ ሰው ላይ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ በተስተናገደባት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪ ተማረ፤ ለኒው ሐምፕሻየር ዩኒቨርሲቲም ተወዳደረ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. (2006) ደግሞ በጣሊያን ቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ሰንደቃችንን ይዞ ገባ፤ ከእርሱ በፊት በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ነው። እዚህ ላይ ቃሉን ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት መጋቢት ማብቂያ ላይ ቀነኒሳ በቀለ በጃፓን ፉኩኦካ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ረጅሙንም አጭሩንም ርቀት ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸነፈ። ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ሁለት አገር አቋራጭ፤ አንዱ አንደኛ፣ ሌላው 83ኛ። ያንደኛውን ሁላችን እናውቃለን። የ83ኛው ግን ከኋላው የቀሩ የሌላ አገር ስኪተኞች እንደነበሩ ያስታወሰለት ጥቂት ነው። በ2010 ቫንኩቨር ተመልሶ በ15 ኪሎ ሜትር 93ኛ ወጣ።

ስኪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በገመድ ወንበር ወደ ጫፍ ተጎትቶ ቁልቁል መፈትለክን ነው። አገር አቋራጩ እንዲያ አይደለም፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ ክንድና በራስ ሳንባ ነው። የሩጫ ዘመድ ነውና ለኛ ሰው የሚስማማው ይህኛው ይመስለኛል። ችግሩ በረዶ ማጣቱ ነው። በረዶ አይጠፋባቸውም በምንላቸው አገሮችም ቢሆን ወራቱ ሲጀምር ሜዳው ገና ሣርና ድንጋይ የሆነባቸው ስኪተኞች መጠበቁን ያውቁታል። በ2022 ቤጂንግ የተደረገው ኦሊምፒክ ደግሞ ከሞላ ጎደል በመሣሪያ በተሠራ በረዶ ላይ ነው የተካሄደው። ኢትዮጵያ በዚያ ጨዋታ አልነበረችም።

ሮቤል ግን በረዶውን ካልጠበቀ፣ መሣሪያውም ከሌለው፣ ምን አደረገ? በጎማ ላይ የሚሄድ ስኪ አለ፤ እርሱን በእግሩ አስሮ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

የቱሪን ጊዜ ወሬው ደራ ሲደርስ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሳቅ ሆኖ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ብቻ ሳይስቁ «ልጄ፣ ለመሆኑ በረዶ በሌለበት አገር የት ነው የሚለማመደው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ጎማው ነገርኋቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ መልካሳ የሚወርደውን አስፋልት ቁልቁል ተመለከቱና «እንግዲያው ይኼም ያስኬዳል» አሉ።