የዘይን ሠርግ፦ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 በሥዕላዊ መጽሔት ብቅ ካለ ወዲህ ፊልሙ በታደሰ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይታደሳል፤ ለመጀመሪያው ታሪክ ምን ያህል ይታመን? ሱዳንም ይህን ጥያቄ በራሷ ጀግና አይታዋለች። የጠይብ ሳሊህ «የዘይን ሠርግ» ጀግና ካባ የለውም። ጥርሱ የረገፈ፣ መንደሩ የሚስቅበት ከሲታ ነው፤ ጉልበቱን ግን የሚችለው የለም። ሰይፈዲንን አንቆ ሊገድለው ሲል ከእጁ ያስጣለው የሼኽ ሐኒን ቃል ብቻ ነበር።

ይህን ሰው በ1970ዎቹ ለፊልም ያበቃው ኩዌታዊው ኻሊድ አስ-ሲዲቅ ነው። ታሪኩን ወደ ባሕረ ሰላጤው ወስዶ የአገሩን ልብስና አነጋገር ሊያለብሰው ይችል ነበር። እርሱ ግን ሱዳን መጥቶ በሱዳናውያን ተዋንያን ሠራው፤ ዘይንን የተጫወተው ዐሊ መህዲ ነው። ደራሲው ትረካውን በመደበኛው ዐረብኛ፣ ምልልሱን ግን በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ነበር የጻፈው። ቀልዱ ከዚያ አነጋገር ሲወጣ እንደሚደርቅ ተርጓሚዎች ያውቁታል። ከዚህ የበለጠ ታማኝነት መጠየቅ ይከብዳል።

በመጽሐፉ ግን ከዘይን በፊት የሚደርሰው ወሬው ነው፤ ወተት ሻጯ ሐሊማ የሠርጉን ዜና ነግራ፣ ደንበኛዋ በድንጋጤ ስትፈዝ ስፍሩን ታጎድልባታለች። ፊልሙን አይቶ ወደዚያ ገጽ የሚመለስ አንባቢ፣ ወሬውን ሳይጨርስ የዐሊ መህዲ ፊት ይቀድመዋል።