የሠራተኛ ክብርና የሽልማት ዋጋ

ሰው ሠርቶ ደመወዙን ሲቀበል የተቀበለው የድካሙን ዋጋ ነው፤ ስለዚህም የማንም ባለ ዕዳ አይሆንም። ሽልማት ግን ከደመወዝ የተለየ ነው። በቋንቋችን «ሸለመ» ማለት አስጌጠ፣ አሳመረ ማለት ስለ ሆነ፥ ሽልማት በገንዘብ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ሳይሆን ሠራተኛው በሰው ፊት የሚያጌጥበት ምስክርነት ነው። አንድ አገር ማንን እንደምትሸልም የተመለከተ ሰው፥ የትኛውን ሥራ እንደምታከብርና የትኛውን እንደምትንቅ ለማወቅ አይቸገርም። ስለዚህ የአገራችን ሽልማት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንዳመራ ባጭሩ መመልከት ለዛሬው መሥሪያ ቤት ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

በቀድሞው ዘመን የሽልማት ዋናው ምክንያት የጦር ሜዳ ሙያ ነበር። በውጊያ የታወቀ ሰው እንደ ማዕረጉ ለምድ ወይም ካባ ይለብሳል፤ ጋሻ፣ ጎራዴ ወይም በቅሎ ከነዕቃዋ ይቀበላል፤ ዕድል ከቀናውም ሹመትና ጉልት ይጨመርለታል። ይህ ሥርዐት አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረው፤ ሽልማቱ የሚሰጠው ሙያውን ባዩ ሰዎች ፊት ስለ ነበረ ምስክርነቱ በቀላሉ የሚካድ አልነበረም። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበር። የጀግናውን ጦር የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፣ ኩታውን የሠራው ሸማኔ፣ ኮርቻውን ያበጀው ፋቂ ከሽልማቱ መራቃቸው ሳያንስ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመድፍ መሥሪያ አቋቁመው ባለሙያዎችን ቢያቀርቡና ሴባስቶፖልን ቢያሠሩም፥ የንጉሡ ፍቅር ብቻውን የሕዝቡን ልማድ ሊለውጥ አልቻለም። በሙያው የሚሰደብ ሰው ደግሞ ሙያውን ለልጁ ለማውረስ እንደማይደፍር ግልጽ ነው።

ይህን ክፉ ልማድ በሕግ ለመስበር የተነሡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በተሾሙበት በዚያው በ1900 ዓ. ም. በወርኃ ጥር ባወጡት ዐዋጅ፥ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው የሚሰድብ ሁሉ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑንም አስታወሱ። የዐዋጁ ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። በውጭ አገር አዲስ ሥራ የሚያወጣ ሰው ሲከበር በእኛ አገር የሚሰደብ ከሆነ፥ ሠሪው ሥራውን ትቶ አገሪቱ ባለሙያ አልባ ሆና እንደምትቀር ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውት ነበር። ሠራተኛን ማክበር የአገር ህልውና ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስድብን መከልከል አንድ እርምጃ ነው፤ ማመስገን ግን ሌላ እርምጃ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለብዕርና ለብሩሽ ሥራ ቀድሞ ለጦር ሙያ ይሰጥ የነበረውን ዐይነት ክብር ሰጠ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964፥ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በ1966 ተሸልመዋል። ነገር ግን ይህ ሽልማት ለታላላቆች ብቻ የሚደርስ ነበረ፤ ከአብዮቱም በኋላ ቀረ።

በደርግ ዘመን ምስጋናው ወደ ፋብሪካውና ወደ እርሻው ወረደና «ኮከብ ሠራተኛ» የሚል ስም ተሰማ። የዚህ ዐይነቱ ሽልማት አርአያ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ነው። በዚያ አገር አሌክሴይ ስታኻኖቭ የተባለ ማዕድን ቈፋሪ በነሐሴ 1927 ዓ. ም. በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል አወጣ ተብሎ ስሙ በዓለም ተሰማ። ሆኖም እርሱ ሲቈፍር ጣራውን በእንጨት የሚደግፉለት ረዳቶች ነበሩት፤ ዝናው ግን ለእርሱ ብቻ ሆነ። ከዚያም በኋላ የሥራው ልክ በሌሎች ሠራተኞች ላይ ከፍ ተደረገ። የአንዱ ሽልማት ለጓደኞቹ ሸክም ሲሆን ቅንዓትን እንጂ ትጋትን አይወልድም።

ከዚህ ታሪክ ወደ ዛሬው ኑሯችን እንመለስና በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ወገን ያለችውን ኮዬ ፈጬን እንመልከት። በየካቲት 2011 ዓ. ም. 51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ ሲወጡ የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎችም በዕጣው ውስጥ ነበሩ። በ20/80 መርሐ ግብር ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ ተለይቶ መያዙ ሠራተኛው መታሰቡን ያሳያል። ይሁን እንጂ ዕጣ ሃያ ዓመት ደብተር ያረመውን መምህርና ትናንት የተቀጠረውን አይለይም፤ የደረሰውን ሰው ያስደስተዋል፥ ስለ ሥራው ግን የሚናገረው ነገር የለውም። በዕጣው ማግሥት መሬቱን ስለ ለቀቁት ገበሬዎች መብት በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ተቃውሞም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ የአንዱ ደስታ የሌላውን ድካምና ጉዳት ከረሳ ሰላም አያገኝም።

እንግዲህ ከኮዬ ፈጬ ማለዳ ተነሥቶ ረጅም መንገድ አቋርጦ በሰዓቱ ከጠረጴዛው የሚደርስ ሠራተኛ ምን ይገባዋል? ከሁሉ አስቀድሞ ትክክለኛ ደመወዝ ይገባዋል፤ የምስክር ወረቀት ዳቦ አይሆንምና። ከዚያ ቀጥሎ ሥራው በስም ተጠርቶ እንዲመሰገን ያስፈልጋል። «በትጋት ስላገለገሉ» የሚል ለሁሉ የሚታደል ወረቀት ከዕጣ አይሻልም፤ የተበተነውን መዝገብ ማን እንዳደራጀ፥ ባለ ጉዳይን ማን ሳያመላልስ እንዳስተናገደ ለይቶ የሚናገር አጭር ቃል ግን ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። መራጮቹም አለቆች ብቻ ሳይሆኑ ሥራውን በቅርብ ያዩ ባልደረቦች ይሁኑ። ደጋፊውም ከተደገፈው ጋር ይጠራ፤ ሕንፃው ሲመረቅ መሐንዲሱ ከተመሰገነ ግንበኛውና ፌራዮውም አይዘንጉ።

የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችና የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ይህን ለመፈጸም ሰፊ በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የ1900ው ዐዋጅ ለአንድም ሠራተኛ አንድ ብር አልሰጠም፤ የሰጠው ክብር ነው። ዛሬም ሠራተኛውን በሥራው የሚያውቀው አለቃ ከተገኘ የሽልማቱ ግማሽ ተሰጥቷል ማለት ነው።