የወታደራዊ ጭነት መኪና የጥልቅ ውሃ ዝግጅት

የጥልቅ ውሃ ዝግጅት ማለት አንድ ወታደራዊ የጭነት መኪና ድልድይ የሌለውን ወንዝ ወይም በማረፊያ ጀልባና በባሕር ዳርቻ መካከል ያለውን ውሃ በራሱ ጎማ እንዲሻገር የሚደረግለት ጊዜያዊ የማሸግ ሥራ ነው። መኪናው አይንሳፈፍም፤ የውሃውን ወለል እየረገጠ ይሄዳል። ለምሳሌ ኤም35 የተባለው የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ያለ ተጨማሪ ዕቃ እስከ 76 ሳንቲሜትር፣ የመሻገሪያ ዕቃ ሲገጠምለት ደግሞ እስከ 1.8 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውሃ ማለፍ ይችላል።

ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት

ሞተር አየር ስቦ በሲሊንደር ውስጥ ያምቃል። ውሃ ግን እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑን ይገታዋል፤ የፒስተኑ ማገናኛ ዘንግም ሊጣመም ወይም ሊሰበር ይችላል። በቤንዚን ሞተር ካንዴላና ገመዶቹ ከረጠቡ ሞተሩ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ይህ ችግር አይደርስበትም።

ሦስተኛው ጉዳት ቶሎ አይታይም። ሲነዳ የቆየ መኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይሞቃሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው በውስጣቸው ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ዘይት ወተት ይመስላል፤ ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን በሚገባ አያለሰልስም።

ዝግጅቱ

• የአየር መሳቢያውና የጭስ ማውጫው በቱቦ ከውሃው በላይ ከፍ ይደረጋሉ።
• የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻዎች በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይወጣሉ።
• በቤንዚን መኪና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ውሃ በማያስገባ ቅባት ይሸፈናሉ።
• በብዙ ወታደራዊ መኪናዎች ከፍሪሲዮን ቤት ሥር ያለው ቀዳዳ በቡሎን ይዘጋል።
• በአንዳንድ መኪናዎች የፋን ቺንጊያ ይፈታል። ካልተፈታ ፋኑ ውሃውን በሞተሩ ላይ ይረጫል፤ ክንፎቹም ተጣመው ራዲያተሩን ሊመቱ ይችላሉ።

አነዳድ

ከመግባት በፊት የውሃው ጥልቀት፣ የወለሉ ጥንካሬና መውጫው ይጠናሉ። መኪናው በከባድ ማርሽ፣ በዝግታና ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ ይነዳል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ሲሊንደሮቹ ሳይመረመሩ እንደገና ማስነሳት አደገኛ ነው።

ከተሻገሩ በኋላ

በውሃ ውስጥ መኪናውን የሚጠብቀው እሽግ በየብስ ላይ ይጎዳዋል። ቺንጊያው ካልተመለሰ ሞተሩ ይፈላል። የፍሪሲዮን ቤቱ ቡሎን ካልወጣ ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት እዚያው ተጠራቅሞ ፍሪሲዮኑን ያበላሻል። የረጠበ ፍሬን በደንብ ስለማይዝ በዝግታ እየነዱ ደጋግሞ በመጫን ይደርቃል። ዘይቱ ይመረመራል፤ ውሃ የገባበት ይቀየራል፤ ግራሶም እንደገና ይሞላል።

በኖርማንዲ

የሕብረቱ ጦር ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944) በፈረንሳይ ኖርማንዲ ሲያርፍ ብዙ መኪናዎች በዚህ መንገድ ተዘጋጅተው ነበር። ሙሉ በሙሉ የታሸገ መኪና በየብስ ላይ ሩቅ መሄድ ስለማይችል ሥራው በብሪታንያ በደረጃ ይከናወን ነበር፤ የመጨረሻው እሽግ የሚደረገው መኪናው መርከብ ሊሳፈር ሲል ነው። ዳርቻ ሲደርስም እሽጉ መነሣት ነበረበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ውሃ ውስጥ የቀሩ መኪናዎች ነበሩ፤ መተላለፊያውን እንዳይዘጉም የጥገና ወታደሮች ጎትተው ያወጧቸው ነበር።